ከካርቶኑ ሥር ማንም የለም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም መሻሬን፣ ጎረቤት ማማቴን፣ የእናቴን የመድኃኒት ሰዓት ማሳለፌን ሳይቀር እየዘረዘርኩ ተናዝዣለሁ። እሳቸው ስግደት ያዙኛል፤ እኔም እሰግዳለሁ። ይሄኛው ግን ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። አሁን የምጽፈው ስለከበደኝ እንዳይመስላችሁ። ከብዶኝ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ እጥለው ነበር። የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ የተናደድኩትም በራሴ ነው። ስለዚህ ከመካከላችሁ "አይዞሽ፣ ሰው እኮ ነሽ" ሊለኝ የተዘጋጀ ካለ ከወዲሁ ይተወው።

ብርነሽ እባላለሁ። ሆሳዕና ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለች ሱቅ ፎቶ ፍሬም አደርጋለሁ። ሥራው የአባቴ ነበር። አባቴ ከጉራጌ አገር በአናጢነት መጥቶ መጀመሪያ በርና መስኮት፣ በኋላ ደግሞ የፎቶ ፍሬም ሲሠራ ኖሮ እዚሁ ተቀበረ። ወንድሜ ደሳለኝ መኪና መንዳት ስለወደደ ማስመሪያውና መጋዙ ለእኔ ቀሩ። ሴት ልጅ መጋዝ ይዛ ስትቆም አይተው የሚሳለቁ ነበሩ። አሁን የልጆቻቸውን ፎቶ ይዘው ወረፋ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው።

ሥራው እንዲህ ነው። ከፊት መስታወት፣ ከኋላ ኮምፔንሳቶ፣ በመሃል ፎቶው። ፎቶው ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ እንዳይበላሽ ደግሞ በሁለቱ መካከል መሃሉ እንደ መስኮት የተቆረጠ ወፍራም ካርቶን ይገባል። ሌላ አገር ካርቶኑ ለጌጥ ይሆናል። እኛ ጋ ሰው ይደበቅበታል። አንዱ ከሞርሲቶ ይመጣና ከታናሽ ወንድሙ ጋር በመሬት ድንበር መጣላቱን አስረድቶ፣ የቤተሰቡን ፎቶ በቀኝ በኩል ጠበብ እንዳደርገው ይጠይቀኛል። አደርገዋለሁ፤ ወንድምዬው ከካርቶኑ ሥር ይገባል። ከዓመት በኋላ ሽማግሌ ገብቶ ሲታረቁ ያንኑ ፍሬም በጋዜጣ ጠቅልሎ ይመለሳል። "እትዬ፣ ካርቶኑን ሰፋ አድርጊልኝ" ካለኝ ታርቀዋል ማለት ነው። አንዲት የዳምቦያ ሴት አማቷን ሦስት ጊዜ አስገብታ ሦስት ጊዜ አስወጥታኛለች። በአራተኛው እኔው ራሴ ተቆጥቼ መለስኳት።

ይህ ሁሉ የሚቻለው ፎቶው ስለማይነካ ነው። አባቴ ሥራውን ሲያስተምረኝ ከሁሉ አስቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ይህንኑ ነበር። ካርቶኑን እንደፈለግሽ ቁረጪ፣ ፎቶ ላይ ግን ካተር እንዳታሳርፊ፤ የተሸፈነ ሰው ተመልሶ ይወጣል፣ የተቆረጠ ግን አይወጣም አለኝ። ከዚያ በኋላ ደግሞ አልነገረኝም። አንድ ጊዜ ይበቃል ብሎ ይሆናል።

እኔ ፎቶ ቆረጥኩ። የወንድሜን ፎቶ ቆረጥኩ።

ደሳለኝና እኔ ሁለት ነበርን። እሱ በአይሱዙ ከሆሳዕና ዱራሜና ሺንሺቾ ዕቃ ያመላልስ ነበር። ሲመለስ ራት እስኪቀርብ ከእኔ ሱቅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተዘርግቶ የዋለበትን ሁሉ ይነግረኛል፤ ማን እንደሰከረ፣ ማን እንዳታለለው፣ የትኛዋ ልጅ ፈገግ እንዳለችለት። ከእናታችን የሚደብቀውን ሁሉ እኔ አውቃለሁ ብዬ እኮራ ነበር። እዚሁ ከተማ ለታጨችለት ልጅ ሽማግሌ ተልኮ፣ ነገሩ አልቆ፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተቆርጦ ነበር። እናቴ የሠርግ ልብሷን አሰፍታ ጨርሳለች።

አንድ ሐሙስ ከሺንሺቾ ሲመለስ ዳምቦያን እንዳለፈ መኪናው ተገለበጠ። አስከሬኑን ተቀብለን ቀበርነው። ከመኪናው የወጣው ዕቃ በማዳበሪያ ጆንያ ተደርጎ ለእኔ ተሰጠኝ፤ ጃኬቱ፣ መንጃ ፈቃዱ፣ ካሴቶቹ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ነገር። ለለቅሶው ድንኳን የሚሆን ፎቶው ጠፍቶ ቤቱ ሲተራመስ እኔ ሱቄን ከውስጥ ቆልፌ ጋዜጣውን ፈታሁት።

ትልቅ ፎቶ ነበር፤ ዱራሜ ከሚገኝ ፎቶ ቤት የተነሳ። ደሳለኝ ሙሉ ልብስ ለብሶ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከአጠገቡ አንዲት ጠይም ሴት ሕፃን አቅፋ ቆማለች። ሕፃኗ ከእናቷ እቅፍ ወደ እሱ ተንጠራርታ የኮቱን ኮሌታ ጨብጣለች። ወንድሜ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ሃያ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬ ያን ሳቅ አላውቀውም ነበር።

ብረት ማስመሪያዬን ከትከሻው ጎን አስተኛሁ። ካተሩን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ሳብኩት። እንደዚያ ቀን ቀጥ ያለ መስመር ቆርጬ አላውቅም። ሴትዮዋና ሕፃኗ በአንድ ወገን፣ ወንድሜ በሌላ ወገን ሆኑ። ግን ኮቱ ላይ የሕፃኗ አራት ጣቶች ቀሩ። እነሱን ላውጣ ብል የወንድሜ ደረት ይበሳል። ስለዚህ የካርቶኑን መስኮት በዚያ በኩል ጠበብ አድርጌ ጣቶቹን ሸፈንኳቸው። የተቆረጠውን ወገን ኮላ የማሞቅበት ከሰል ላይ ጣልኩት። እስኪያልቅ ድረስ ቆሜ አየሁት።

ለምን? እናቴ ደም ግፊት ነበረባት፤ ልጇ ሞቶ ሳለ ሳይጋባ የወለደው ልጅ እንዳለው ብትሰማ በዚያው ትሄድ ነበር። እጮኛውም ማቅ ለብሳ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣለች፤ በሰው ፊት ልትዋረድ ነው። እነዚህን ሁለት ምክንያቶች ለራሴ ስነግር ኖሬአለሁ፤ ሁለቱም ሐሰት አይደሉም። የቆረጥኩት ግን ለእነሱ ብዬ አልነበረም። ለእነሱ ቢሆን ካርቶን ይበቃኝ ነበር። ሙያዬ ነው፤ ሰው መደበቅ ለእኔ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ማንም ሳይጎዳ፣ ፎቶውም ሳይነካ፣ ቀን እስኪመጣ ሁለቱን ከሥሩ አስቀምጬ እናቴንም እጮኛውንም ማዳን እችል ነበር። እኔ ግን ካተር አነሳሁ። ካተር ያነሳሁት ስለቀናሁ ነው። ሁሉን የሚነግረኝ ወንድሜ ይህን አልነገረኝም። ደብቆኛል፤ እኔን! ሞቶ እንኳ ልምረው አልፈለግሁም። ሌላ ምክንያት የሚያገኝልኝ ሰው ካለ አያገኝልኝ።

በሦስተኛው ቀን ከሺንሺቾ ሰዎች መጡ። ዕቃ ያመላለሰላቸው ነጋዴዎች ናቸው ተባለና ማንም አልጠየቃቸውም። ከመካከላቸው ጠይሟ ሴት ሕፃኗን አዝላ ነበር። ስሟ ታደለች መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁት። እንደ ሌሎቹ አልቅሳ ስታበቃ ጠረጴዛ ላይ ከቆመው ፎቶ ፊት ሄዳ ብዙ ቆመች። ፎቶውን ለማወቅ አንድ ጊዜ ማየት ይበቃት ነበር። ፍሬሙን የሠራው ማን እንደሆነ ጠየቀችና ወደ እኔ አመለከቷት። አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እህቴ፣ እኛ ከካርቶኑ ሥር ነን፣ አይደል?" አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

ያን ጊዜ ፊቷ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። አረፈች። በባሏ ለቅሶ፣ ባሏ መሆኑን የሚያውቅ ሰው በሌለበት ድንኳን ውስጥ፣ ከካርቶን ሥር መኖሯን ሰምታ አረፈች። እናቴን በዓይኗ አመለከተችኝና ይገባኛል፣ አሁን ጊዜው አይደለም፣ ቀኑ ሲመጣ ትከፍችዋለሽ አለችኝ። ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ አሳየችኝ። መስከረም ትባላለች አለች። ያቺ መስከረም ጣቴን ጨበጠች። ከሦስት ቀን በፊት እነዚያኑ ጣቶች በካርቶን የሸፈንኩ እኔ ነኝ፤ እጄን አልሸሸሁም። ይህንንም ጻፉልኝ።

ፎቶው ከሱቁ ኋላ ባለው ሳሎናችን ውስጥ ተሰቀለ። እጮኛው በሁለተኛው ዓመት አግብታ ሄደች። የዱራሜው ፎቶ ቤት ተዘግቶ ባለቤቱ ደቡብ አፍሪካ ገባ፤ ይህን ስሰማ፣ ፎቶውን ደግሞ የሚያጥብ የለም ብዬ ደስ አለኝ። እናቴ በየቅዳሜው መስታወቱን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች፣ ልጄ ብቻውን ተቀምጦ ሲስቅ አያምርም ወይ ትለኛለች፣ እኔም ያምራል እላታለሁ። አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ኖርን።

ታዲያ ከዛሬ አራት ዓመት በፊት አንዲት ተማሪ ደብተሯን እንዳቀፈች ሱቄ በር ላይ ቆመች። ለትምህርት ሆሳዕና ከመጣች ሁለት ሳምንቷ ነበር። ማንነቷን ሳትነግረኝ አውቄአታለሁ፤ ግንባሯ የደሳለኝ ነው። ቀጥ ብላ፣ አክብራኝ ተናገረች። እናቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ከአባቷ ጋር የተነሱት ፎቶ ሆሳዕና መኖሩን እየነገረቻት አሳድጋታለች። በሺንሺቾ ልጆች አባት የለሽ ሲሏት፣ አባቴ ቤት በፎቶ አለሁ እያለች ትመልስላቸው ነበር። ገንዘብ አልፈለገችም፤ ቤትም ስምም አልጠየቀችም።

"እናቴ ከካርቶኑ ሥር አላችሁ ብላኛለች" አለችኝ። "እትዬ፣ አንድ ጊዜ ከፍተው ያሳዩኝ። ከዚያ መልሰው ይዝጉት።"

እናቴ ከሳሎኑ መጋረጃ ወዲያ ሶፋው ላይ ተኝታ ነበር። ከምስማሩ ላይ አውርጄ ብከፍተው ምን እንደሚገኝ ደግሞ አውቃለሁ፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጠርዝና አራት ጣቶች። ልጅቷ ጣቶቿን ታውቃቸዋለች።

"ልጄ" አልኳት፣ "ከካርቶኑ ሥር ማንም የለም። እናትሽ ዋሽታሻለች።"

የመጀመሪያው እውነት ነበር። ማንም አልነበረም፤ አመድ ካደረግኋቸው ቆይቷል። ሁለተኛውን ለምን ጨመርኩት? ማንም የለም ብዬ ባቆም ምን ነበረበት? እናትሽ ተሳስታ ይሆናል ማለት አልችልም ነበር? እችል ነበር። እኔ ግን ልጅቷ ተመልሳ እንዳትመጣ ፈለግሁ፤ እንዳትመጣ የሚያደርጋት ደግሞ ይህ ብቻ መሆኑን አይኗን አይቼ አውቄአለሁ። ፎቶውን አንድ ጊዜ ስቤ እንደቆረጥኩት ሁሉ፣ ይህንንም አንድ ጊዜ ብዬ ጨረስኩት። ልጅቷ አላለቀሰችም፣ አልተከራከረችም። እሺ፣ ይቅርታ አስቸገርኩዎት ብላኝ ሄደች። እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከሺንሺቾ ከሚመጡ ደንበኞች እየለቃቀምኩ ሰማሁ። ለበዓል እናቷ ዘንድ መሄድ አቆመች። በእናቷ ፊት፣ አባቴ ማን እንደሆነ እንኳ አታውቂም፣ ፎቶ እየፈጠርሽ አሳደግሽኝ ብላ ወጣች አሉ። ፍርድ ቤት ሄዳ የአባቷን ስም አስለወጠች፤ መስከረም ደሳለኝ መባል ቀርቶ በእናቷ አባት ስም መስከረም ሀንዲሶ ተባለች። ይህን ሁሉ ሰማሁ፣ ሱቄንም በሰዓቱ ከፈትኩ፣ የሌሎችን ዕርቅ በካርቶን እያሰፋሁ ሰጠሁ። እናቴ ከሁለት ዓመት በፊት አረፈች። የምፈራላት እናት አልነበረችኝም፤ ዝም ግን አልኩ።

ትናንት ቅዳሜ ታደለች መጣች።

ጠጉሯ ሸብቷል። የልጇን የምረቃ ፎቶ በፌስታል ይዛለች፤ ልጅቷ እንዳልላከችላት፣ ከጓደኛዋ ለምና እንዳገኘችው ነገረችኝ። ጥቁር ጋውን፣ ባርኔጣ፣ ከግርጌው በወርቅማ ቀለም የተጻፈ ስም። ሳሎኗ ውስጥ ልትሰቅለው ትፈልጋለች። ጎረቤት እየገባ ስሙን ያነባል፤ ልጇ የባሏን ስም እንደጣለች ያያል። ጣቷን ከስሙ ላይ አሳረፈችና፣ "እዚህ ጋ ካርቶኑን ወፈር አድርገሽ ሸፍኚልኝ፣ እህቴ" አለችኝ። ፎቶውን ተቀበልኳት።

ከዚያ ስለዚያ ቀን አነሳች። ልጄ ሄዳ ማንም የለም መባሏን ነግራኛለች አለች። አልተቆጣችም። ለራሷ አብራርታ ጨርሳው ነው የመጣችው፤ እናትሽ ከውስጥ ነበሩ፣ እሳቸው ፊት መክፈት አልቻልሽም፣ ድንኳን ውስጥ የሰጠሽኝን ቃል ግን አልረሳሁም አለችኝ። የሚገባኝን ቁጣ ስጠብቅ ምክንያት ይዛልኝ መጣች። የሞተች እናቴን ከፊቴ አቁማ ከኋላዋ እንድደበቅ ቦታ ሰጠችኝ።

እኔስ ምን አደረግሁ? ራሴን ነቀነቅሁ። ለሁለተኛ ጊዜ።

ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆም አለች። ያን ሐሙስ ጠዋት ከሺንሺቾ ሲነሳ ፎቶውን በጋዜጣ የጠቀለለችለት እሷ ነበረች። ደሳለኝ ምን ብሎ እንደወጣ ነገረችኝ። "መጀመሪያ የምነግረው ለብርነሽ ነው፣ ፍሬሙን የምትሠራልን እሷ ናት፤ እሷ ከሰማች እናቴን ታሳምንልኛለች ብሎ ነው የወጣው" አለች። ነገ እመለሳለሁ፣ ካርቶኑን ቸኩለሽ አትሥሪው ብላኝ ሄደች።

አልደበቀኝም ነበር። ይዞልኝ እየመጣ ነበር። ለማን ብሎ ነው ያን ትልቅ ፎቶ ወደ ሆሳዕና የሚያመጣው? ፍሬም የሚያደርግ ማንን ያውቃል? ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን አንድ ጥያቄ ራሴን አልጠየቅሁም፤ ብጠይቀው ቂሜን ይወስድብኝ ነበር። ቂሜን ወድጄው ነበር። በቅናት ነው የቆረጥኩት ብዬ እውነቱን የተናገርኩ ይመስለኝ ነበር፤ ቅናቴ ራሱ መሠረት አልነበረውም።

በሩን ዘግቼ ፎቶውን ከሳሎን አወረድኩ። ምስማሮቹን ነቅዬ ካርቶኑን አወጣሁ። የምረቃውን ፎቶ ስም አልሸፈንኩም፤ ሸፍኜ ልሰጣት ከእንግዲህ እጄ አይታዘዘኝም። ዛሬ እሑድ ታደለች ስትመጣ ሥራው አለማለቁን ነግሬ መለስኳት። እውነቱን እዚያው ልነግራት እችል ነበር። ፈርቼ ግን አይደለም የተውኩት። ታደለችን አውቃታለሁ፤ እዚያው ቆማ ይቅር ትለኛለች፣ ነገሩም በሁለት አሮጊቶች መካከል ተላቅሶ ያልቃል። ያን ይቅርታ አልፈልገውም። ልጇ ከመስማቷ በፊት እኔ መቅለል የለብኝም።

ልጅቷ ዱራሜ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥራለች፤ ቦታውን አጠያይቄአለሁ። ነገ ሰኞ ጠዋት እሄዳለሁ። ካርቶን የሌለውን ፎቶ እንዳለ እሰጣታለሁ፤ ጣቶቿን ትያቸው። ከዚያ ይዛኝ ሺንሺቾ ትሂድ፣ ወይም በሩን ትዝጋብኝ፣ ወይም መሥሪያ ቤቱን ሰብስባ ታዋርደኝ፤ የእሷ ድርሻ ነው። እናንተም ይቅር አትበሉኝ፤ ከእናንተ የወሰድኩት ነገር የለም። ንስሐ አባቴም ስግደታቸውን ያቆዩልኝ። ከእነሱ ሁሉ በፊት ለአንድ ሰው የምናገረው አለኝ፤ ድምፄ እንዳይሰበር ደጋግሜ እያልኩት ነው።

መስከረም ደሳለኝ፣ እናትሽ አልዋሸችሽም። ከአባትሽ ጎን ነበራችሁ፣ ኮቱንም ይዘሽ ነበር። ቆርጬ ያቃጠልኳችሁ እኔ ነኝ፤ ብርነሽ፣ አክስትሽ።